ማውንቴን ሳይክል ለሥራ ጉዞ፦ ለቺሮና ለመሰላ መንገድ ምን ዓይነቱ ይሻላል?

በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ለብዙ ሰው ከቤት እስከ ሥራ ቦታ ያለው ርቀት ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ርቀቱ አጭር ቢሆንም የባጃጅ ሒሳብ ጠዋትና ማታ ይከፈላል። ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ታሪፉም አብሮ ይጨምራል። በዚህ የተነሳ «ለምን ሳይክል ገዝቼ አልገላገልም?» የሚሉ ወገኖች አሉ።

ሐሳቡ መልካም ነው። ሆኖም ሳይጠይቁ የተገዛ ሳይክል በሁለት ወር ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል። ከገንዘቡ ኪሳራ የሚከፋው ደግሞ ፍሬኑ የማይዝ ሳይክል ቁልቁለት ላይ የሚያመጣው አደጋ ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ሊያዩዋቸው የሚገቡትን ነገሮች በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

መጀመሪያ መንገዱን ይመልከቱ

ቺሮ (አሰበ ተፈሪ) በጨርጨር ተራሮች መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከሚኤሶ ቆላ የሚመጣ ሁሉ ሽቅብ ወጥቶ ነው የሚደርስባት። ከአዲስ አበባ ወደ ድሬዳዋና ሐረር የሚወስደው አውራ ጎዳናም በከተማዋ ስለሚያልፍ ከባድ መኪናና ጫት የጫነ ፈጣን መኪና አይጠፋበትም። በመሰላና በአጎራባች ወረዳዎች ደግሞ ከአስፋልት ወጣ ሲሉ ጠጠርና አፈር መንገድ ነው፤ በበልግና በክረምት ጭቃ ይሆናል።

እንዲህ ላለ መንገድ ቀጭን ጎማ ያለው የውድድር ሳይክል አይሆንም። ማርሽ የሌለው የድሮው ከባድ ሳይክልም ሜዳ ላይ ጠንካራ ቢሆንም ዳገት ላይ ወርዶ መግፋት ያመጣል። ማውንቴን ሳይክል የተሻለ የሚሆነው በሰፊ ጎማው፣ በማርሹና በፍሬኑ ምክንያት ነው። ነገር ግን ማውንቴን ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ አይደለም።

ማርሽ፦ ብዛቱ ሳይሆን ቀላሉ ማርሽ

ሻጩ «21 ማርሽ ነው» ሊልዎ ይችላል። ለዳገት የሚጠቅመው ግን የመጨረሻው ቀላል ማርሽ ነው። ይህን ለማወቅ ከፊት ያለውን ትንሹን ጥርስና ከኋላ ያለውን ትልቁን ጥርስ ይቁጠሩ። ለምሳሌ ከፊት 24፣ ከኋላ 28 ከሆነ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ባለ 26 ኢንች ጎማ ወደ 1.8 ሜትር ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ እግር ሳይጨነቅ ዳገት ይወጣል። ከፊት 44፣ ከኋላ 18 በሆነ ባለ አንድ ማርሽ ሳይክል ግን በአንድ ዙር 5 ሜትር ያህል መግፋት አለብዎት። ጉልበት የሚያመው ሰው ይህን ልዩነት በመጀመሪያው ቀን ያውቀዋል።

የኋላው ትልቁ ጥርስ ከፊቱ ትንሹ ጥርስ እኩል ወይም የሚበልጥ ከሆነ ለቺሮ ዳገት ይሆናል።

ፍሬን፦ ዋጋ የማይቀነስበት ቦታ

በአካባቢያችን ጠዋት ሽቅብ የወጣ ማታ ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ ሁለቱም ፍሬኖች መሥራት አለባቸው። ሦስት ዓይነት ያገኛሉ፦ ቸርኬውን በጎማ የሚይዝ፣ በሽቦ የሚሠራ የዲስክ ፍሬንና በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን። የዘይቱ ኃይለኛ ነው፤ ሲበላሽ ግን መሣሪያውና ዘይቱ ያለው ባለሙያ ይፈልጋል። በሽቦ የሚሠራው ዲስክ በዝናብና በጭቃም ይይዛል፤ ሽቦውም በቀላሉ ይቀየራል። ለእኛ ከተሞች መካከለኛው ምርጫ ይህ ነው። ቸርኬ የሚይዘውም ርካሽና ለጥገና ቀላል ነው፤ ሲረጥብ ግን ቶሎ አይዝም።

ሲፈትሹ የፍሬኑን እጀታ በሙሉ ኃይል ይጭመቁ። እጀታው መሪውን ከነካ ሽቦው መጥበቅ ወይም ጫማው መቀየር አለበት። ቁልቁለት ላይ ሁለቱንም ፍሬን ቀስ በቀስ ይያዙ፤ የፊቱን ብቻ ድንገት መያዝ ፊት ለፊት ይገለብጣል።

ጎማና ሞላ

የጎማው ስፋት 1.95 ወይም 2.1 ኢንች ቢሆን ለጠጠርም ለአስፋልትም ይበቃል። ጥርሱ በጣም የወጣ ጎማ ጭቃ ላይ ይይዛል፤ አስፋልት ላይ ግን ይጎትታል፣ ቶሎም ያልቃል። መሐሉ ለስለስ ያለ፣ ጠርዙ ላይ ጥርስ ያለው ለሥራ ጉዞ የተሻለ ነው። የሚሞላው አየር መጠን ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ በታች የተነዳ ጎማ ከመነዳሪውን ያስበላል።

ከመግዛትዎ በፊት ወደ ሰፈርዎ ጎሚስታ ሄደው የዚያ ቁጥር ከመነዳሪ ይገኝ እንደሆነ ይጠይቁ። 29 ኢንች ሳይክል ያምራል፤ መለዋወጫው ከሌለ ግን አንድ እሾህ ለሳምንት ያስቀምጠዋል። ቫልቩም እንደ መኪናና ሞተር ሳይክል ወፍራሙ ይሁን፤ በጎሚስታው መንፊያ በቀላሉ ይነፋል። ቀጭኑ ቫልቭ ሌላ ማገናኛ ይፈልጋል።

ከኋላም ሞላ ያለው ርካሽ ሳይክል ለዓይን ይማርካል። ነገር ግን ክብደት ይጨምራል፤ ዳገት ላይም የእግርዎ ኃይል ሞላውን በማርገብገብ ያልቃል። ከፊት ብቻ ሞላ ያለው፣ ወይም ጭራሽ የሌለው ይሻላል።

ልክና አልባሳት

ሳይክሉን በሁለት እግር መሐል አድርገው ሲቆሙ ከብረቱ በላይ ጥቂት ጣቶች የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ኮርቻውንም ያስተካክሉ፤ ተረከዝዎን ታች ባለው ፔዳል ላይ ሲያሳርፉ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ዝቅ ያለ ኮርቻ ጉልበት ይጎዳል።

ጀለብያ ለሚለብሱ ወንድሞች፣ ዐባያና ጅልባብ ለሚለብሱ እህቶቻችን የካቴና መሸፈኛ የግድ ነው። ልብስ ካቴና ወይም ራጂ ውስጥ ሲገባ ሰው ይጥላል። መሐሉ ዝቅ ያለ ብረት ያለው ሳይክል ለእህቶች ለመውጣትም ለመውረድም ይመቻል። ለሱብሕና ለዒሻእ መስጂድ የሚሄድ ሰው ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ያስገጥም። ሄልሜት በኮፊያ ምትክ ሳይሆን ለጭንቅላት ነው፤ ኮፊያውን ኪስ ይክተቱት። ጁሙዓ ላይ የሚያቆሙበት ደግሞ ጠንካራ ቁልፍ ይኑርዎት።

ያገለገለ ሲገዙ

ያገለገለ ሳይክል ገንዘብ ይቆጥባል፤ መፈተሽ ግን ይፈልጋል። ጎማዎቹን አንስተው ያሽከርክሩ፤ ግራና ቀኝ የሚወላገድ ከሆነ ቸርኬው ተጣሟል። የፊት ፍሬን ይዘው ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይነቅንቁ፤ መሪው ሥር ኳኳታ ከተሰማ ኩሽኔታው አልቋል። ፔዳል የሚይዘውን ክንድ ወደ ጎን ይነቅንቁ። ከመሪው ሥር ብየዳው ላይ ስንጥቅ ካለ በምንም ዋጋ አይግዙ።

ሻጭም ያለበትን ጉድለት መናገር ሃይማኖታዊ ግዴታው ነው፤ ዕቃን ጉድለቱን ሸሽጎ መሸጥ በሸሪዓ የተከለከለ ነው። ገዢም ዋጋው ከልክ በላይ ከረከሰ የማን እንደሆነ ይጠይቅ። የተሰረቀ መሆኑ የታወቀ ዕቃ መግዛት አይፈቀድም። ደረሰኝ ወይም ምስክር ያለበት ግብይት ለሁለቱም ወገን ሰላም ነው።

ሒሳቡ ያዋጣል?

የአንድ ጉዞ የባጃጅ ክፍያዎን በሁለት፣ ከዚያም በወር የሥራ ቀናትዎ ያባዙ። የሳይክሉን ዋጋ፣ ከቁልፉ፣ ከመብራቱና ከሄልሜቱ ጋር ደምረው ለዚያ ያካፍሉት። የሚያገኙት ቁጥር ወጪው በስንት ወር እንደሚመለስ ይነግርዎታል። ለጎማና ለፍሬን ጫማ ጥቂት ገንዘብ በየወሩ መያዝም አይርሱ። ሦስት ኪሎ ሜትር በእግር ከግማሽ ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ በሳይክል በዝግታ ቢነዱ 15 ደቂቃ ገደማ ነው።

አገራችን እ.ኤ.አ ከ2020 እስከ 2029 የሚዘልቅ የእግረኛና የብስክሌት ትራንስፖርት ስትራቴጂ አላት፤ በአዲስ አበባም በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመሮች ተሠርተዋል። የራሱ መስመር በሌለበት መንገድ ግን ጥንቃቄው በነጂው ላይ ነው። አውራ ጎዳናውን ትተው የውስጥ መንገድ ካለ፣ ጥቂት ቢያረዝምም እሱን ይምረጡ። የመጀመሪያውን ጉዞም በሥራ ቀን ሳይሆን በዕረፍት ቀን ይሞክሩት። ዳገቱን፣ ቁልቁለቱንና ፍሬኑን ያኔ ያውቁታል። አላህ ወጥተን በሰላም ከሚመለሱት ያድርገን።