«የኛ ሰው ዕድሜ የለውም»

ባለፈው እሑድ ዳንፎርዝ አካባቢ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነበር። ሟቹ የ71 ዓመት አባት ናቸው። አንዱ ንፍሮ እየዘገነ «የኛ ሰው ዕድሜ የለውም፤ ፈረንጁ በ90 ዓመቱ መኪና ይነዳል» አለ። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ አልዋጥልህ አለኝ።

እርግጥ ካናዳ የተወለደ ሕፃን በአማካይ 82 ዓመት ገደማ ይኖራል ሲባል፣ በአገራችን 67 ገደማ ነው። ታዲያ ይህን ቁጥር ወደ ታች ከሚጎትቱት አንዱ የሕፃናት ሞት ነው። 60 ዓመት የሞላው ካናዳዊ ወደ 25 ዓመት፣ የኛው ደግሞ ወደ 18 ዓመት ይቀረዋል። ልዩነቱ በግማሽ ወረደ ማለት ነው።

ይበልጥ የሚገርመው ወዲህ ነው። ካናዳ የገባ ስደተኛ በአማካይ ከአገሬው ተወላጅ ያነሰ ይሞታል። ምክንያቱም የሚሰደደው ጉልበት ያለው ነው፤ ለቪዛውም የሐኪም ምርመራ ያልፋል። ዓመታት ሲቆጠሩ ግን ይህ ብልጫ እየተሸረሸረ ይሄዳል። ቁጭ ብሎ መዋል፣ ስኳር፣ ግፊት፣ የሚያናግሩት ሰው ማጣት!

ደግሞስ የትኛው ፈረንጅ? በ2020 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያው የኮቪድ ማዕበል ካናዳ ውስጥ ከሞቱት 10 ሰዎች 8ቱ ገደማ የአረጋውያን መጦሪያ ነዋሪዎች ነበሩ። እዚሁ ኦንታርዮ፣ በአሮጌዎቹ መጦሪያዎች አራት ሽማግሌ በአንድ ክፍል ይተኛ ነበር፤ ሞቱም በተጨናነቁት ቤቶች በረታ። አገሩ አንድ፣ ዕድሜው አንድ፤ የለየው ክፍሉ ነው። ይህን ሳስብ «ደማችን ነው» የሚለው ወሬ ያናድደኛል።

ወደ ሟቹ ልመለስ። የሞቱት ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሶ ነው። ልጃቸው ወደ ጓዳ ጠርታ የግፊት ክኒናቸውን አሳየችኝ፤ ሁዳዴ ከገባ ወዲህ አልተነካም።

የኔም እናት ግፊት አለባት። በዚያው ሌሊት ስካርቦሮ ደወልኩላት።

«እማዬ፣ ክኒንሽን ትወስጃለሽ?»

«ጾም ነው እኮ ልጄ! ደግሞ ሐኪሙ ግፊትሽ ወርዷል ብሎኛል።»

የወረደው በክኒኑ ነው ብላት ማን ይስማኝ! በማግስቱ የንስሐ አባቷን ለመንኳቸው። እሳቸውም «መድኃኒት ጾም አይሽርም» ብለው ተቆጧት። አሁን ትውጣለች፤ ግን ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ንክች አላደርግም ብላለች።