ከአርብ ገበያ እስከ መስከረም 20፦ የዲቪ ማመልከቻ ሰነዶች የጊዜ ዕቅድ

በውጭ አገር ቋሚ ነዋሪነት ለማግኘት የሚቀርብ ማመልከቻ በአብዛኛው የኤምባሲ ጉዳይ ተደርጎ ይታሰባል። በኢትዮጵያ በስፋት የሚታወቀው የአሜሪካ የዳይቨርሲቲ ቪዛ፣ በተለምዶ አጠራሩ ዲቪ፣ ደግሞ ከዕጣ ጋር ብቻ ተያይዞ ይነገራል። ሆኖም ዕጣው የሥራው መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚወስነው ሰነድ ነው፣ ሰነዱም የሚጀምረው ከቀበሌ ነው። ይህ ጽሑፍ በደቡብ ጎንደር ዞን በታች ጋይንት ወረዳ፣ በአርብ ገበያ ዙሪያ ተወልዶ ያደገን አመልካች መነሻ አድርጎ፣ ሰነዶቹ በምን ቅደም ተከተል ቢዘጋጁ የጊዜ ገደቡ ሊጠበቅ እንደሚችል ይመረምራል። ለአብነት የተወሰደው የዲቪ 2025 ዙር ነው።

ዲቪ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። በዓመት ከ55,000 ያልበለጠ ቪዛ ይሰጣል፤ አንድ አገርም ከጠቅላላው ከ7 በመቶ በላይ ሊወስድ አይችልም። በዕጣ የሚመረጡት ሰዎች ግን ከነቤተሰባቸው ከ100,000 ይበልጣሉ። ስለዚህ መመረጥ ተራ መያዝ እንጂ ቪዛ ማግኘት አይደለም። ከሁሉ በላይ ሊጤን የሚገባው ድንጋጌ የማብቂያው ቀን ነው። ቪዛው በአሜሪካ የበጀት ዓመት ውስጥ፣ እስከ ሴፕቴምበር 30 ድረስ ካልተሰጠ የተመራጩ መብት ያበቃል፤ ወደሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም።

የዚህ ድንጋጌ ጥብቅነት በዲቪ 2020 ዙር በገሃድ ታይቷል። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ኤምባሲዎች መደበኛ አገልግሎታቸውን ካቋረጡ በኋላ፣ በሚያዝያ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የተፈረመ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ የዲቪን ጨምሮ የብዙ ስደተኛ ቪዛዎችን አሰጣጥ አገደ። ተመራጮች ክስ መሥርተው በዋሽንግተን የሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ማመልከቻዎቹ በፍጥነት እንዲታዩ አዘዘ፤ በመጨረሻው ቀንም 9,095 ቪዛዎች ተጠብቀው እንዲቆዩ ወሰነ። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በጁን 2024 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የበጀት ዓመቱ ካለፈ በኋላ ቪዛ እንዲሰጥ ማዘዝ እንደማይቻል በመወሰን ውሳኔውን ሻረው። መዘግየቱ የአመልካቹ ጥፋት ባልሆነበት ጊዜ እንኳ ቀኑን ማራዘም አልተቻለም።

ይህን ቀን ወደ አገራችን አቆጣጠር መመለስ ቀላል ቢመስልም መሰናክል አለበት። ሴፕቴምበር 30 አብዛኛውን ጊዜ መስከረም 20 ላይ ይውላል፤ ማለትም የአሜሪካ የበጀት ዓመት የሚያበቃው የእኛ አዲስ ዓመት ከገባ ከሃያ ቀን በኋላ ነው። የዙሩ ስያሜም ግራ ያጋባል። የዲቪ 2025 ምዝገባ የተካሄደው ከመስከረም 23 እስከ ጥቅምት 27 ቀን 2016 ዓ.ም. ሲሆን፣ ውጤቱ በሚያዝያ 2016 ተገለጸ፤ ቪዛ የሚሰጥበት ዘመን መስከረም 21 ቀን 2017 ተጀምሮ መስከረም 20 ቀን 2018 አበቃ። «የ2025 ዲቪ» የሚለው አጠራር በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሦስት ዓመታትን ይነካል።

የዕቅዱ ዋና ሐሳብ እንደሚከተለው ነው። ሰነዶች መደርደር ያለባቸው በሚጠየቁበት ቅደም ተከተል ሳይሆን በሚቆዩበት ዕድሜ ነው። የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ የ12ኛ ክፍል ማስረጃ ጊዜ አያልፍባቸውም፤ ለማግኘት ግን ብዙ ምልልስ ይጠይቃሉ። ከወንጀል ነፃ ማስረጃና የሕክምና ምርመራ ውጤት በአንጻሩ በአጭር ጊዜ ሊገኙ ይችላሉ፤ ግን ያረጃሉ። የማያረጀው ዕጣው ሳይወጣ፣ የሚያረጀው ቀጠሮው ሲቀርብ ሊዘጋጅ ይገባል። በተግባር የሚታየው ብዙ ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው።

ከማያረጁት ሁሉ ሥሩ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ የተደነገገው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ቢሆንም፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። አዋጁ ልደት በ90 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ዛሬ ለዲቪ የሚያመለክተው ትውልድ ግን ሁሉም ከዚያ በፊት የተወለደ በመሆኑ፣ የሚይዘው ምስክር ወረቀት የዘገየ ምዝገባ ውጤት ነው። በወረቀቱ ላይ የልደቱ ቀንና የምዝገባው ቀን ለየብቻ ስለሚሰፍሩ የቆንስላ ሠራተኛው ልዩነቱን በቀላሉ ያያል፤ ደጋፊ ማስረጃም ሊጠይቅ ይችላል። በጋይንት ገጠር ከመንግሥት መዝገብ የሚቀድመው ማስረጃ የክርስትና ነው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ስለሚጠመቁ፣ የጥምቀቱ ቀን በቤተ ክርስቲያን ከተመዘገበ የልደቱ ቀን በስሌት ይገኛል።

ቀኑ ከተገኘ በኋላ ወደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሲመለስ የሚፈጠረው ስሕተት የተለመደ ነው። ጥር 21 ቀን፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት የተወለዱ ሁለት ልጆችን ማሰብ ይቻላል። በ1995 የተወለደው ጃንዋሪ 29 ቀን 2003 ሲሆን፣ በ1996 የተወለደው ግን ጃንዋሪ 30 ቀን 2004 ነው፤ 1995 ጳጉሜን ስድስት የሆነችበት ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ቀጣዩ ዓመት እስከ ፌብሩዋሪ ማብቂያ ድረስ በአንድ ቀን ይገፋል። ሁለት ቢሮዎች በሁለት መንገድ ከመለሱት አንድ ሰው ሁለት የልደት ቀን ይኖረዋል።

ስምም እንዲሁ ነው። ፀሐይ፣ ቅድስት ወይም ጌጤ የሚሉት ስሞች በላቲን ፊደል ከአንድ በላይ አጻጻፍ አላቸው። ለብዙ ወጣቶች ስማቸው መጀመሪያ በላቲን ፊደል የሰፈረው በብሔራዊ ፈተና ሰርተፊኬት ላይ ነው። ይህን ሰነድ ማስተካከል አስቸጋሪ በመሆኑ የልደት ምስክር ወረቀቱ፣ የፋይዳ መታወቂያውና ፓስፖርቱ የእርሱን አጻጻፍ እንዲከተሉ ማድረግ ያዋጣል። ፓስፖርት አስቀድሞ አውጥቶ ሌላውን ከእርሱ ጋር ለማስማማት መሞከር ሥራውን ከጣሪያ መጀመር ይሆናል።

ጋብቻ ከዚህ የከበደ ውጤት አለው። የቤተሰብ ሕጉ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸሙ ጋብቻዎችን ዕውቅና ይሰጣል። ስለዚህ በሽማግሌ የተጋባ ሰው ሰርተፊኬት ባይኖረውም ባለ ትዳር ነው። በዲቪ ቅጽ ላይ «ያላገባ» ብሎ ሞልቶ ኋላ ቀድሞ የነበረ ጋብቻን ማስመዝገብ፣ ወይም ልጅን ሳይጠቅሱ ማለፍ፣ ከዓመት በኋላ በቃለ መጠይቁ ላይ ከውድድር ያስወጣል።

ስለ ትምህርት ባጭሩ፦ የሚፈለገው የ12 ዓመት ትምህርት ማጠናቀቅ ነው፤ አለዚያም የሁለት ዓመት ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ የሁለት ዓመት ልምድ። በቀድሞው ሥርዓት 10ኛ ክፍል ተፈትኖ ያቆመ ሰው የመጀመሪያውን መስፈርት አያሟላም። ይህ ከመመዝገብ በፊት መታወቅ ያለበት ነው፤ ለአንድ ሰው 330 ዶላር የሆነው የዲቪ ቪዛ ክፍያ አይመለስምና።

የምዝገባው ሂደት ራሱም የራሱ ስጋት አለው። በከተሞች ቅጹን የሚሞላው ብዙ ጊዜ የፎቶ ቤት ወይም የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። ውጤቱን ለማየት የሚያስችለው የማረጋገጫ ቁጥር በእርሱ እጅ ከቀረ አመልካቹ መመረጡን ላያውቅ፣ ወይም ቁጥሩን በገንዘብ ሊገዛ ይገደዳል። የዲቪ 2025 ምዝገባ በተካሄደባቸው ሳምንታት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር፣ ከአካባቢው ሰዎች መካከል በሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ከመመዝገብ ሌላ አማራጭ ያልነበራቸው ነበሩ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቁጥሩ በዚያው ዕለት በስልክ ተነግሮ በወረቀት ሊጻፍ ይገባል።

የሚያረጁት ሰነዶች ከቀጠሮው ቀን ወደ ኋላ ተቆጥረው ይታቀዳሉ። ዕድሜያቸው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሁሉ የሚያቀርቡት ከወንጀል ነፃ ማስረጃ በአብዛኛው ለሁለት ዓመት ስለሚያገለግል ውጤቱ እንደታወቀ ሊወጣ ይችላል። በአዲስ አበባ በዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ክሊኒክ የሚደረገው የሕክምና ምርመራ ግን ለስድስት ወር ያህል ብቻ ያገለግላል፤ ቪዛውም ከእርሱ ዕድሜ አያልፍም። አክታ ምርመራ የታዘዘለት ሰው የባክቴሪያው እድገት እስኪታይ ሳምንታት ስለሚጠብቅ፣ ቀጠሮው ነሐሴ ወይም ጳጉሜን ላይ የወደቀ አመልካች ሐኪም ዘንድ ለመቅረብ የቀጠሮውን ሳምንት መጠበቅ የለበትም። ምርመራውን ከሚገባው በላይ ያስቀደመ ደግሞ ቪዛውን ይዞ ቤቱን ለመሸጥ፣ አዝመራውን ለመሰብሰብና ዘመድ ለመሰናበት የሚቀረው ጊዜ ጥቂት ሳምንታት ሊሆን ይችላል።