የተሰበረ የመኪና ሞላ ለምን አይበየድም?

ባለፈው ክረምት አንድ ጠዋት አጎቴ ደወለልኝ። «ኢንጂነሩ፣ ሌሊት ግቢ ውስጥ ጓ የሚል ድምፅ ሰማን። ሌባ መስሎን ብንወጣ ማንም የለም። ጠዋት ሳያት ግን መኪናዋ ከፊት በግራ በኩል ዘመም ብላለች» አለኝ። ጋራዥ ወስዶ በክሪክ ሲያስነሳት የፊት ግራ ሞላዋ ከታች አንድ ዙር ያህል ተሰብሮ ተገኘ። መካኒኩም «እንበይደውና ዛሬውኑ ትወጣለች፤ አዲስ ምን ያደርግልሃል?» አለው። አጎቴ የሚኖረው ሰው አሳፍሮ ነው። መኪናዋ በቆመች ቁጥር ቤት ውስጥ ገቢ የለም። ስለዚህ ጥያቄው ለእሱ ቀላል አልነበረም፦ ላስበይድ ወይስ ልግዛ?

መልሱ አጭር ነው፤ አይበየድም። ምክንያቱን ለማየት ግን ሞላ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ አለብን። እኔ ራሴ ዩኒቨርሲቲ እስክገባ ድረስ የተሳሳተ ግምት ነበረኝ።

እስቲ የእስክሪብቶ ሞላ አውጥታችሁ ሳቡት። ረዘመ አይደል? ሽቦው ራሱ ግን አልረዘመም። የሆነው ነገር ሽቦው መጠምዘዙ ነው፤ እርጥብ ልብስ ስትጨምቁ ልብሱ እንደሚጠመዘዘው ማለት ነው። የመኪና ሞላም ያው ነው። ጎማው ጉብታ ላይ ሲወጣ እያንዳንዱ ዙር ትንሽ ትንሽ ይጠመዘዛል፤ የዙሮቹ ጥምዘዛ ሲደመር ሞላው ያጥራል።

በቁጥር እንየው። ከ12 ሚሊሜትር ወፍራም የብረት ዘንግ የተሠራ፣ የዙሩ ስፋት 120 ሚሊሜትር የሆነ፣ 5 የሚሠሩ ዙሮች ያሉት ሞላ እንውሰድ። ይህን ሞላ 1 ሴንቲሜትር ለመጨመቅ ወደ 24 ኪሎ ግራም ይፈልጋል። ከ5ቱ ዙር አንዱ ከጎደለ ደግሞ ለዚያው 1 ሴንቲሜትር ወደ 30 ኪሎ ግራም ያስፈልጋል። ገረማችሁ? የተቆረጠ ሞላ ያጥራል እንጂ አይለሰልስም፤ እንዲያውም ይገትራል። ስለዚህ የመኪናዋ ግራና ቀኝ እኩል አይነጥርም፤ መታጠፊያ ላይና ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ልዩነቱ ይታወቃል። (መኪናቸው ዝቅ እንድትልላቸው ሞላ የሚያስቆርጡ ወጣቶች አሉ። ያው ስሌት እነሱንም ይመለከታል።)

ታዲያ ያ ሁሉ ጉድጓድ ያልሰበረው ሞላ ቆሞ ሳለ ለምን ተሰበረ?

መልሱ የብረት ድካም ይባላል። ብረት አንዴ በኃይል ሲመታ የሚችለውን ጫና፣ ያነሰ ጫና ሚሊዮን ጊዜ ሲመላለስበት ላይችለው ይችላል። ይህን በደንብ ያጠናው አውግስት ቮለር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የባቡር አክሰሎች ያለምንም ከባድ አደጋ ሲሰበሩ አይቶ፣ ብረትን ደጋግሞ እየጫነ የሚፈትን መሣሪያ ሠራ። የአጎቴን ሞላ በግምት እናስላ። በሰከንድ አንዴ ብቻ ነጠረ ብንል፣ በቀን 8 ሰዓት ሲሠራ ወደ 29,000 ጊዜ፣ በዓመት 300 ቀን ሲሠራ ደግሞ ከ8 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይሆናል።

ድካሙ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከዝገት ነው። የሞላው የታችኛው ጫፍ በሚቀመጥበት ሰሃን ላይ ጭቃና አሸዋ ይጠራቀማል፤ አሸዋው ቀለሙን ይፍቀዋል፤ ውሃ ይገባል፤ የዛገው ቦታ ላይ መርፌ የወጋው የሚመስል ትንሽ ጉድጓድ ይፈጠራል። ጫናው እዚያች ጉድጓድ ጫፍ ላይ ይከማችና ስንጥቅ ይወለዳል። ስንጥቁ በእያንዳንዱ መንጠር በጥቂቱ ይሰፋል። አንድ ቀን የቀረው ብረት የመኪናዋን ክብደት ብቻውን መሸከም ያቅተዋል። ክብደቱ ደግሞ መኪናዋ ስትቆምም ከሞላው ላይ አይወርድም እኮ! ለዚህ ነው ሌሊት፣ ማንም ሳይነካት፣ ጓ ያለችው።

የተሰበረውን ቁራጭ ለምኜ ወስጄዋለሁ። ስብራቱ ላይ ሁለት ቀለም ይታያል፦ ዳር ላይ ጠቆር ያለ አሮጌ ዝገት፣ የቀረው ደግሞ የሚያብለጨልጭ ትኩስ ስብራት። አሮጌው ዝገት ስንጥቁ ሳይታወቅ ከርሞ እንደነበር ያሳያል። ስብራቱ ቀጥ ያለ ሳይሆን ሰያፍ ነው። ይህን ቤት ውስጥ መሞከር ትችላላችሁ፤ አንድ ጠመኔ በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ጠምዝዙት። እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ በሰያፍ ይሰበራል። ጥምዘዛ የሰበረው ነገር ምልክቱ ይሄ ነው።

አሁን ወደ ብየዳው እንመለስ። የሞላ ብረት የፌሮ ብረት አይደለም። ካርቦኑ ከፍ ያለ ነው፤ ከመቶ ግማሽ አካባቢ ወይም ትንሽ በለጥ ያለ። ፋብሪካው መጀመሪያ እስኪቀላ ድረስ ያግለዋል፣ ዘይት ውስጥ በድንገት ያቀዘቅዘዋል፣ ቀጥሎ በ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መልሶ ያሞቀዋል። ጠንካራም፣ መታጠፍ የሚችልም የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው። ከዚያ ትናንሽ የብረት ጥይቶች በፍጥነት ላዩ ላይ ይረጩበታል፤ ይህ የብረቱን ቆዳ ወደ ውስጥ ስለሚጨምቀው ስንጥቅ በቀላሉ እንዳይከፈት ያደርጋል።

ብየዳ ይህን ሁሉ በደቂቃዎች ያጠፋዋል። ብረቱ ከ1,400 ዲግሪ በላይ ደርሶ ይቀልጣል። ከብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል ቶሎ ስለሚቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል፤ ትንሽ ራቅ ያለው ደግሞ ከልክ በላይ ይለሰልሳል። ላዩ ላይ ያለው የብየዳ ጉብታም ለአዲስ ስንጥቅ መነሻ ይሆናል። ብየዳውን የሠራው ሰው ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ይህ አይቀርም። መካኒኩም ክፉ አስቦ ያለው አይመስለኝም፤ የተሰነጠቀ ሻንሲ በይዶ ለዓመታት ሲሠራ አይቷል። ሻንሲ ግን እንደ ሞላ አይጠመዘዝም። ሁለተኛው ስብራት ግቢ ውስጥ ላይሆን ይችላል፤ ሹሉ ጫፍ ጎማውን እየነዱ ሳለ ሊቀደው ይችላል።

አንድ ነገር አደራ የምለው አለ፤ ሞላ በራሳችሁ አትፍቱ። በብዙ ትናንሽ መኪኖች የፊት ሞላ የሚቀመጠው በአሞርዛተሩ ላይ ተጨምቆ ነው፤ መኪናው በክሪክ ተነስቶ ጎማው ቢንጠለጠልም አይላላም። ያ የምሳሌ ሞላችን 20 ሴንቲሜትር ሲጨመቅ ወደ 470 ጁል ይይዛል፤ 50 ኪሎ የሲሚንቶ ከረጢት ከ1 ሜትር ገደማ ከፍታ ሲወድቅ ያለው ጉልበት ማለት ነው። የላይኛው ብሎን ያለ ሞላ መጭመቂያ ከተፈታ ያ ጉልበት ፊት ላይ ነው የሚመጣው። የተሰበረም ቢሆን ያው ነው።

አጎቴ የፊቱን ሁለቱንም ሞላ እንዲቀይር ነገርኩት፤ የቀኙም ያንኑ ያህል ጊዜ ነጥሯልና። አዲሱ ዋጋ ሲነገረው ዝም አለ። ሶማሌ ተራ ሄደን ያገለገሉ አየን። ያገለገለ ሞላ ውስጡ ምን ያህል እንደደከመ በዓይን አይታወቅም፤ ቢሆንም ቀለሙ ያልተላጠ፣ ታችኛው ዙሩ ያልዛገ፣ ከዚያው ሞዴል መኪና የወጣ ጥንድ ከተገኘ ከብየዳ ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ሦስት ሱቅ ዞረን ያየናቸው ሁሉ ታችኛው ጫፋቸው ዝጎ ነበር። በመጨረሻ አዲስ ገዛ፤ ግማሹን እኔ አበደርኩት፣ እስካሁን አልመለሰም።