የካርቱም ፕሮግራመር ደመወዝና የአዲስ አበባ ትምህርት

እንበል ሁለት ወጣቶች ከካርቱም ዩኒቨርሲቲ በአንድ ዓመት ተመረቁ። አንደኛው ከተማው ውስጥ ላለ ባንክ ሶፍትዌር ይሠራል፤ ደመወዙ በሱዳን ፓውንድ ነው። ሁለተኛው ዱባይ ላለ ኩባንያ ከቤቱ ሆኖ ይሠራል፤ የሚከፈለው በዶላር ነው። ሙያቸው አንድ ነው፣ ቤት የሚከራዩትም በአንድ ሰፈር ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን አንዱ የሌላውን ያህል መኖር አይችልም። ልዩነቱን የፈጠረው ገንዘቡ የገባበት መንገድ ነው። ይህ መንገድ ለእኛም ከባድ ትምህርት ስላለው ዛሬ ላብራራው። የሱዳኑን ታሪክ ቀኖች በአውሮፓ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

እስከ የካቲት 2021 ድረስ በሱዳን የአንድ ዶላር ይፋዊ ዋጋ 55 ፓውንድ ነበር። ጥቁር ገበያው ግን ከ350 በላይ ደርሷል። 1,000 ዶላር ያገኘ ፕሮግራመር ገንዘቡን በባንክ ካስገባ 55 ሺህ ፓውንድ ይደርሰዋል፤ በመንገድ ዳር መንዛሪ ከቀየረው ከ350 ሺህ በላይ። በሕጋዊው መንገድ የመጣ ሰው ከገቢው ከ80 በመቶ በላይ ያጣ ነበር ማለት ነው። በየትኛውም አዋጅ ላይ ያልተጻፈ ግብር ነው፤ የሚከፍለውም ሕግ ያከበረው ብቻ ነው። መንግሥት በዚያ ወር ምንዛሪውን ወደ 375 ሲያወጣው ይህ ግብር ወዲያው ቀለለ፣ ነገር ግን ያን ጊዜ ሁሉ ሰዉ ዶላሩን ከባንክ ማራቅን ተለማምዶ ነበር።

ባንኩም ቢሆን ብዙ ጊዜ ዝግ ነበር። አሜሪካ በ1997 የጣለችውን የንግድ ማዕቀብ በጥቅምት 2017 ብታነሳም፣ ሱዳን ከ1993 ጀምሮ በነበረችበት የአሜሪካ የሽብር ደጋፊዎች ዝርዝር ላይ እስከ ታኅሣሥ 2020 ቆይታለች። የፈረንሳዩ ባንክ ቢኤንፒ ፓሪባ በ2014 ከሱዳን፣ ከኢራንና ከኩባ ጋር ያደረገውን ዝውውር በተመለከተ ጥፋተኛነቱን አምኖ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ሲከፍል፣ ሌሎች ባንኮች የሱዳንን ስም ባዩ ቁጥር መሸሽን መረጡ። ስለዚህ ለውጭ የሠራ ወጣት ደመወዙ ውጭ በሚኖር ዘመድ ሒሳብ ይገባና በሐዋላ ይደርሰው ነበር። ሥራው ተሠርቷል፣ ገንዘቡም መጥቷል፤ በአገሪቱ የወጪ ንግድ መዝገብ ላይ ግን የለም። በመዝገብ ያልታየን ዘርፍ ደግሞ ማንም ሚኒስትር አይከራከርለትም።

የኑሮ ውድነቱን ሳናይ ደመወዝን ማውራት አይቻልም። ሐምሌ 2021 ላይ የሱዳን ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት ከ400 በመቶ አልፎ ነበር። በዚያው ሰሞን የቤንዚንና የናፍጣ ድጎማም ተነስቷል። በፓውንድ የሚከፈለው ኢንጂነር የደመወዝ ጭማሪ ጠይቆ እስኪፈቀድለት ድረስ ጭማሪው በገበያ ተበልቷል። በዶላር የሚከፈለውም ቢሆን ያለ ጭንቀት አልኖረም፤ መብራት ሲጠፋ የራሱ ጄነሬተር፣ ለጄነሬተሩ ነዳጅ፣ አንዱ ሲቋረጥ የሚተካ ሁለተኛ የኢንተርኔት መስመር ያስፈልገዋል። ለንደን ያለ ባልደረባው እነዚህን ወጪዎች አያውቃቸውም። የአፍሪካ ፕሮግራመር ርካሽ ነው የሚለው ስሌት ብዙ ጊዜ እነዚህን ከኪሱ የሚወጡ ገንዘቦች ቆጥሮ አያውቅም።

ከሁሉ የከፋው መስመሩ ራሱ ሲቆረጥ ነው። በሰኔ 2019 የተቃዋሚዎች የመቀመጥ አድማ በኃይል ከተበተነ በኋላ ኢንተርኔት ከአንድ ወር በላይ ጠፋ። ከጥቅምት 2021ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላም ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘጋ። በሁለተኛ ደረጃ ፈተና ሰሞን ደግሞ በየቀኑ ለሰዓታት ይቋረጥ ነበር። ለውጭ ደንበኛ ይህ ምን ማለት ነው? ሥራ የሰጠው ሰው ያለማስጠንቀቂያ ለሳምንታት ሊጠፋበት ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ወይ ሥራውን ለሌላ አገር ይሰጣል፣ ወይ ያንን ስጋት ከክፍያው ላይ ይቀንሳል። የካርቱሙ ወጣት እኩል ችሎታ ካለው የናይሮቢ ወጣት ያነሰ ገንዘብ ሲቀርብለት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ መንግሥቱ የዘጋውን መስመር ሒሳብ እሱ ይከፍላል።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ጦርነት ሲነሳ ብዙ የካርቱም ነዋሪዎች ከተማዋን ለቀቁ። ከካርቱም የወጡ ብዙ ባለሙያዎች ወደ ካይሮ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮችና ወደ እኛም መጡ። በአገሪቱ ውስጥ የቀረው ሕዝብ የያዘው አንድ ገመድ የካርቱም ባንክ የስልክ መተግበሪያ፣ ባንካክ፣ ነበር። ጥሬ ገንዘብ ሲጠፋ ዳቦ፣ መድኃኒት፣ የቤት ኪራይ በእሱ ተከፈለ። በየካቲት 2024 የስልክ መስመሮች በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ሲቋረጡ፣ በመተግበሪያው ላይ ገንዘብ ያላቸው ቤተሰቦች ሳይቀሩ ምግብ መግዛት አቃታቸው፤ የሳተላይት ኢንተርኔቱ ስታርሊንክ ባለበት ቦታ በሰዓት እየከፈሉ ተጠቀሙ። ሶፍትዌር ለውጭ ገበያ ብቻ የሚሸጥ ነገር ይመስለን ከነበረ፣ ሱዳናውያን በእሱ ነፍሳቸውን አቆይተዋል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ ልምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በዋዜማው 57 ሺህ ብር የሚከፈለው ኢንጂነር ደመወዙ 1,000 ዶላር ነበር፤ ምንዛሪው 130 ሲደርስ ያው ደመወዝ 440 ዶላር እንኳን አልሞላም። በተመሳሳይ ጊዜ ለውጭ ኩባንያ የሚሠራው ጓደኛው በብር ሲታይ ገቢው ከእጥፍ በላይ ሆነ። የአገር ውስጥ ድርጅት ይህን ልጅ በምን ያቆየዋል? በአዲሱ የገቢ ግብር ከፍተኛው 35 በመቶ የሚጀምረው በወር ከ14 ሺህ ብር በላይ ካለው ገቢ ላይ ነው፤ በዶላር ወደ መቶ ግድም መሆኑ ነው። የባንኮቻችንን፣ የሆስፒታሎቻችንንና የግብር መሥሪያ ቤታችንን ሶፍትዌር የሚሠራው ተቀጣሪ፣ ባለከፍተኛ ገቢ ተብሎ ይቆረጥበታል።

«ርካሽ ባለሙያ አለን» እያሉ ለውጭ ኩባንያ መለመን ትልቅ ስህተት ይመስለኛል። ብር በወደቀ ቁጥር የሚረክሰው የልጆቻችን ድካም ነው፤ በዚህ መወዳደር ማለት ድህነትን እንደ ምርት ማቅረብ ነው። በ2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠና መልካም ነው፣ ሆኖም የሠለጠነው ሰው ክፍያውን የሚቀበልበት መስመር ከሌለው የካርቱሙ መንገድ ይደገማል። የምንዛሪ ማሻሻያው ላኪዎች ከገቢያቸው ግማሹን በውጭ ምንዛሪ እንዲያቆዩ ፈቅዷል። ይህ መብት መጋዘን ላለው ቡና ላኪ በሚደርስበት ቅለት፣ ከላፕቶፕ በቀር ንብረት ለሌላት የባሕር ዳር ልጅም ሊደርስ ይገባል፤ አንድ ውል፣ አንድ የባንክ ሒሳብ፣ አንድ ቀላል ግብር። በ2012 ሰኔ ላይ እንደሆነው ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ ደግሞ ደንበኛዋን ያጣችበትን ኪሳራ የሚክስ ሕግ ሊኖር ይገባል።