ወደ ወንጪና ወደ ደንዲ ተራራ ስንወጣ

ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚወስደው መንገድ ላይ የወንጪ ተራራ አለ። ከጊንጪ በስተደቡብ ደግሞ የደንዲ ተራራ ይገኛል። ሁለቱም በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ነበሩ። ዛሬ እሳት በወጣበት አፋቸው ውስጥ ሐይቅ ተኝቷል። የደንዲ ሐይቅ ሁለት ክብ ተያይዞ የ8 ቁጥርን ይመስላል። በወንጪ ሐይቅ መካከል ደሴት አለ፤ በደሴቲቱም ላይ የቂርቆስ ገዳም ይገኛል።

በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ አድርጎ መርጧታል። እንግዳ ሲመጣ ፈረስ የሚያከራየው፣ መንገድ የሚመራው፣ ጀልባ የሚቀዝፈው የአገሩ ሰው ይጠቀማል። ነገር ግን ተራራ ውብ እንደሆነ ሁሉ አደጋም አለበት። ታዲያ በደህና ወጥተን በደህና እንድንመለስ ምን ማወቅ አለብን?

1. ብርድ

አምቦ ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ አላት። የወንጪ ተራራ ጫፍ ግን 3,400 ሜትር ገደማ ይደርሳል። 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ስለዚህ አምቦ ላይ ሸሚዝ ብቻ ለብሶ የተነሣ ሰው ጫፉ ላይ 8 ዲግሪ ያህል የበለጠ ብርድ ይጠብቀዋል። ነፋስና ዝናብ ሲጨመርበት ብርዱ ይብሳል። ከጥቅምት እስከ ጥር ደግሞ ሌሊት ውርጭ አለ።

ብርድ የጎዳው ሰው መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። ቀጥሎ ምላሱ ይተሳሰራል፣ እግሩም ይደናቀፋል። እንዲህ ያለውን ሰው ከነፋስ እናስጠልለው። እርጥብ ልብሱን አውልቀን ደረቅ እናልብሰው፣ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ እንጠቅልለው። መዋጥ ከቻለ ትኩስ ሻይ በስኳር እናጠጣው።

ብዙ ሰው «አረቄ ያሞቃል» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። አረቄ ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ሰውየው የሞቀው ይመስለዋል እንጂ በውስጥ ያለው ሙቀት እየወጣ ያልቃል። ለበረደው ሰው አረቄ መስጠት ቤት እንዲሞቅ ብሎ በር እንደ መክፈት ነው።

2. የአየር መሳሳት

በተራራው ጫፍ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ከቆላ የመጣ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ አንዳንዴም ያቅለሸልሸዋል። እኛ ወጣቶች ጉልበታችንን ለማሳየት መሮጥ እንወዳለን። ተራራ ግን ሩጫ አይወድም፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ቀስ እያልን፣ እያረፍን፣ ውሃ እየጠጣን እንውጣ። ሕመሙ ከበረታ መድኃኒቱ ወደ ታች መውረድ ነው። የታመመውን ሰው ግን ብቻውን አንሰደድ።

3. መብረቅ

በክረምት ከቀትር በኋላ ደመና ይከማቻል፣ መብረቅም ይወርዳል። የመብረቅ ብልጭታ ወዲያው ይታያል፤ የነጎድጓዱ ድምፅ ግን 1 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። በብልጭታውና በድምፁ መካከል እንቁጠር። 30 ሳንደርስ ከሰማን መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ ነው ማለት ነው፤ አደጋ አለ። ቶሎ ከጫፉ እንውረድ። ለብቻው በቆመ ዛፍ ሥር አንጠለል፤ መብረቅ ረጅሙን ይመታልና። አንድ ላይ አንከማች፣ ተራርቀን እንሁን። መኪና ካለ ገብተን መስኮቱን እንዝጋ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ እንጠብቅ።

4. ፈረስና ጀልባ

ከመቀመጣችን በፊት የኮርቻው ጠፍር መጥበቁን እንይ። እርካብ ውስጥ እግራችንን አጥልቀን አናስገባ፤ ብንወድቅ ፈረሱ ይጎትተናልና። በፈረስ ኋላ አንቁም። ቁልቁለቱ ሲበረታ ወርደን በእግራችን እንሂድ። ጀልባ ላይ ተንሳፋፊ ጃኬት እንልበስ፤ ከልክ በላይ ሰው አይጫን፤ ማንም አይቁም። ነፋስ ከተነሣ መሻገሩ ይቆይ።

5. ከሌሎች አገሮች የምንማረው

በረዶ በሚበዛባቸው አገሮች ሰዎች በበረዶ ላይ በሞተር በሚነዳ መንሸራተቻ ተራራ ይወጣሉ። እዚያ የሚፈራው የበረዶ ናዳ ነው። ስለዚህ ከመነሣታቸው በፊት የዕለቱን የአየር ሁኔታ ይጠይቃሉ። ናዳ የተጫነውን ሰው የሚያገኙበት መሣሪያና አካፋ ይይዛሉ። አደገኛውን ተዳፋት ሲሻገሩ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይገቡም፤ አንዱ ሲሻገር ሌላው ከዳር ቆሞ ይመለከታል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ በረዶ ባይኖርም ዝናብ ያራሰው አፈርና ድንጋይ ይናዳል። ስለዚህ ይህ ልማድ ለእኛም ይጠቅመናል።

6. ከመነሣታችን በፊት

የመንገዱን ሁኔታ የአካባቢውን ሰው እንጠይቅ። ወዴት እንደምንሄድና መቼ እንደምንመለስ ለሚቀረው ሰው እንንገር። ውሃ፣ ቆሎ፣ ወፍራም ልብስና የእጅ ባትሪ እንያዝ። በጠዋት ተነሥተን ከቀኑ 9 ሰዓት ሳያልፍ መመለስ እንጀምር። ጉም ከወረደና መንገዱ ከጠፋን ገደል ስለሚኖር አንንከራተት፤ አንድ ቦታ ሆነን እስኪገለጥ እንጠብቅ።

መንገድ መሪዎች ደግሞ አንድ ኃላፊነት አለባቸው። እንግዳው ገንዘብ ከፍሏልና «ግድ የለም፣ እንሂድ» ቢልም ሰማዩ ከጠቆረ «አይሆንም» ማለት ይገባቸዋል። ተራራው ነገም እዚያው ነው። የሰው ሕይወት ግን አንዴ ካለፈ አይመለስም።

ጥያቄዎች
ሀ. አረቄ ለበረደው ሰው የማይሰጠው ለምንድን ነው?
ለ. መብረቅ መቅረቡን በምን እናውቃለን?
ሐ. በመንደራችሁ አጠገብ ያለው አደገኛ መንገድ የትኛው ነው? እንግዳ ቢመጣ ምን ብላችሁ ትመክሩታላችሁ?