ጥቀርሻ የያዘ መስተዋት

የፋኖስ መስተዋት ጥቀርሻ በያዘው ጊዜ ቤቱ ይጨልማል። ነበልባሉ ግን አልጠፋም፤ ብርሃኑን የጋረደው ጥቀርሻው ነው። የሰውም ልብ እንዲሁ ነው። ትካዜ የጸናበት ሰው ክፉው ነገር ይጎላበታል፤ በጎው ግን ይሰወርበታል። ወዳጁ ሰላምታ ሳይሰጠው ቢያልፍ፥ ምናልባት አላየኝም በማለት ፈንታ ጠልቶኛል ይላል። አንድ ጊዜ ቢሳሳት፥ ለምንም አልረባም ይላል።

አብርሃም ሊንከን የሚባለውን አሜሪካዊ እንዲህ ያለ ትካዜ አግኝቶት ነበር። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1841 ዓመት፥ የ31 ዓመት ሰው ሳለ፥ ለሥራ ባልደረባው ደብዳቤ ጻፈ። በደብዳቤውም በሕይወት ካሉት ሰዎች ሁሉ ይልቅ ጎስቋላ እርሱ እንደ ሆነ፥ ደግሞም እንዳይሻለው አጥብቆ እንደሚፈራ ገለጠ። ጆሹዋ ስፒድ የሚባል ወዳጁ ግን አልተወውም፤ በዚያው ዓመት ኬንታኪ በሚባለው አገር ባለው በቤተ ሰቡ ቤት ተቀብሎ አሳረፈው። ሊንከንም ቀስ በቀስ ተሻለው። በሚከተለው ዓመት የስፒድ ልብ በተራው በታወከ ጊዜ፥ ሊንከን በደብዳቤ አጽናናው። ትካዜው ከሊንከን ፈጽሞ አልራቀም፤ ቢሆንም በ1861 የአገሩ መሪ ሆነ፤ በ1863 ዐምፀው በነበሩት ግዛቶች ያሉት ባሮች ነፃ እንዲሆኑ ዐወጀ። እንግዲህ የትካዜው ትንቢት ሐሰት ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ በኋላ በ1960ዎቹ ዓመታት አሮን ቤክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ይህን ነገር መረመረ። በትካዜ የታመሙ ሰዎች ስለ ራሳቸው፥ ስለ ዓለምና ስለሚመጣው ዘመን ክፉ ክፉውን ብቻ እንደሚያስቡ አስተዋለ። ስለዚህ ዳኛ የባለ ጉዳይን ቃል ያለ ምስክር እንደማይቀበል፥ እነርሱም ሐሳባቸውን ሳይመረምሩ እንዳይቀበሉት አስተማራቸው።

እንግዲህ ልቡ የጨለመበት ሰው በዓይኑ ያየውን በልቡ ከገመተው ይለይ። ኀዘኑንም ሳይሰውር ለሚያምነው ሰው ይንገር፤ ቢጸናበትም ወደ ሐኪም ይሂድ፤ ትካዜ ሕመም እንጂ ስንፍና አይደለምና። መስተዋቱን ብቻውን ሊወለውል ያልቻለውን ሰው ወዳጁ ያግዘው፤ መብራቱ ከውስጥ አልጠፋምና።