ላም አለኝ በሰማይ፦ ወተት ስላልነካው የአይብ ማጥቀሻ

የአገር ጉዳይ እንዲህ ተቆልሎ ባለበት ጊዜ ስለ ድስት መጻፍ ከቁም ነገር ይቆጠራል ወይ የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኔም ብዙ ዓመት ከዚያ ወገን ነበርኩ። ጉባዔ ሲጠራ እሄዳለሁ፣ መግለጫ ሲወጣ አነባለሁ፣ ሲያናድደኝ መልስ እጽፋለሁ፤ ወጥ ቤት የምገባው ቡና ለመቅዳት ብቻ ነበር። ሐሳቤን ያስቀየረኝ ልጄ ነው።

ልጄ የወተት አለርጂ አለበት። ይህን ስል ወተት ሆዱን ይነፋዋል ማለቴ አይደለም። እኛ ሐበሾች ሁለቱን ነገር አዘውትረን ስለምናደባልቅ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ብዙዎቻችን ወተት ጠጥተን ሆዳችን የሚጮኸው ላክቶስ የሚባለውን የወተት ስኳር የሚሰባብረው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ከልጅነት በኋላ እያነሰ ስለሚሄድ ነው። ምቾት ይነሳል እንጂ ሕይወት አያሰጋም። አለርጂ ግን ሌላ ነው። የሰውነት መከላከያ የወተቱን ፕሮቲን፣ በተለይ ኬዚንና ዌይ የሚባሉትን፣ እንደ ጠላት ቆጥሮ ይነሳበታል። እንዲህ ላለው ልጅ ጥቂቱም ሊበቃ ይችላል፤ ፊት ያብጣል፣ ጉሮሮ ይጠብባል፣ ትንፋሽ ያጥራል።

አምስት ዓመቱ ሳለ አንድ የክርስትና ድግስ ላይ ሄድን። ባለቤቴ ምግቡን ከቤት ቋጥራለት ነበር። አንዲት ደግ እናት ልጁ ለብቻው ተቀምጦ ሲበላ አይተው አንጀታቸው አልቻለም፤ ከሳህናቸው ጠቅልለው አጎረሱት። ሮጬ ስደርስ «ምን ያስደነግጥሃል፣ ቅቤው እኮ የተነጠረ ነው፣ ወተት የለውም» አሉኝ። እሳቸው እውነታቸውን ነው፤ ማንም ያልነገራቸውን ከየት ያውቁታል? ቅቤ ሲነጠር አብዛኛው ፕሮቲን ከአረፋውና ከአተላው ጋር ይወጣል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም። ያን ቀን የኤፒነፍሪን መርፌ ወግተነው በአምቡላንስ ሆስፒታል ገባን። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ወጣ። ከዚያ በኋላ ግን የሰው እጅ ሲዘረጋለት አፉን በሁለት እጁ መሸፈን ጀመረ። ጉርሻ የሚፈራ ሐበሻ ልጅ አሳድጌአለሁ ማለት ነው።

አንድ ነገር ያስተዋልኩት ያኔ ነው። ሌላው ሰው ዐቢይ ጾም ሲገባ ያዝናል፤ የእኔ ልጅ የሚያዝነው ጾም ሲፈታ ነው። ሃምሳ አምስቱን ቀን፣ ረቡዕንና ዓርብን፣ ከሰው ማዕድ እኩል ይቀርባል፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን በዘይት፣ ሁሉም የእሱ ነው። ፋሲካ ሲደርስ ቅቤው ይፈስሳል፣ አይቡ ይወርዳል፣ እሱም ከመሶቡ ይነሳል። የአሜሪካኑ ግብዣ ደግሞ ለእሱ ዓመቱን ሙሉ ፋሲካ ነው። የልደት ቀን ይሁን የኳስ ምሽት፣ መሐል ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጠው ያቺ ብርቱካናማ የቀለጠች አይብ ናት። የበቆሎ ቺፕሱን እየነከሩ ሲበሉ ልጄ ቺፕሱን ደረቁን ይቆረጥማል።

ገዝቼ ልገላገል ብዬ ነበር። አንዱ ሱቅ ውስጥ «ነን-ዴይሪ» የሚል ዕቃ አገኘሁና ደስ ብሎኝ አነሣሁት። ጀርባውን ሳነብ ሶዲየም ኬዚኔት ይላል፤ ኬዚን ማለት እኮ ራሱ የወተት ፕሮቲን ነው! በአሜሪካ ሕግ «ነን-ዴይሪ» ማለት ወተት የለበትም ማለት አይደለም። በቡና ላይ የሚጨመረው ዱቄት ለረጅም ዘመን በዚህ ስም እየተጠራ ከወተት የወጣ ኬዚኔት ሲይዝ ኖሯል። ደግነቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣውና ከ2006 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራው የአለርጂ ሕግ ወተት ካለበት «ሚልክ» የሚለው ቃል በግልጽ እንዲጻፍ ያስገድዳል። ስለዚህ የፊቱን ጽሑፍ ትታችሁ የጀርባውን አንብቡ። በነገራችን ላይ ይህ ለጿሚውም ይጠቅማል፤ ስንቶቻችን ሁዳዴን ሙሉ በቡናችን ውስጥ ወተት ስንበጠብጥ እንደኖርን ቤታችን ይቁጠረው።

እንግዲህ ራሴ ልሠራው ተነሣሁ። ኬሚስትሪ አስተምራለሁና መጀመሪያ የጠየቅሁት ጥያቄ የመምህር ጥያቄ ነበር፦ ያቺ ብርቱካናማ ነገር ምንድን ናት? አይብ ስትቀልጥ ለምን ትለጠጣለች?

የእኛ አይብ አይቀልጥም። ከአሬራ ነው የሚወጣው፤ ቅቤው የተወሰደለት የኮመጠጠ ወተት በቀስታ ሲሞቅ ፕሮቲኑ ተሰባስቦ ይረጋል፣ አጓቱ ይለያል። በኮምጣጤነትና በሙቀት የረጋ አይብ እሳት ላይ ቢጥዱት ይደርቃል እንጂ አይፈስም። የፈረንጁ ማጥቀሻ የተሠራው በሌላ ብልሃት ነው። አይብ ዝም ብሎ ሲሞቅ ዘይቱ ይለያል። ስዊሶች እ.ኤ.አ. በ1911 የሲትሪክ አሲድ ጨው ሲጨምሩበት ፕሮቲኑ ስቡን አቅፎ ልስልስ ብሎ እንደሚቀር አገኙ፤ በ1916 ጄምስ ክራፍት የራሱን ዘዴ በአሜሪካ በፓተንት አስመዘገበ። ስለዚህ ያቺ ማጥቀሻ ስብ በውሃ ውስጥ ተበትኖ እንዳይለያይ የተደረገበት ወፍራም ነገር ናት። ላዩ ላይ ጨው፣ ኮምጣጣነትና ሥጋ ሥጋ የሚል ጣዕም ተጨምሯል። ይህን ካወቅን ላሚቱ የግድ አይደለችም።

ስቡን ካሹ ይሰጠናል። ከክብደቱ 44 በመቶ ገደማ ስብ ነው፤ ከለውዝ የሚበልጥ ስታርችም ስላለበት ሲሞቅ ራሱ ይወፍራል። ልጥጥነቱን ያገኘሁት ከድንች ነው፤ እሱም በስህተት። የተቀቀለ ድንች በብሌንደር የፈጨ ሰው ያውቀዋል፦ ሙጫ ይሆናል። ቢላዋው የድንቹን ሴሎች እየሰነጠቀ ስታርቹን ስለሚለቀው ነው። ለድንች ገንፎ ጥፋት የሆነው ለአይብ ማጥቀሻ በረከት ነው። ያ ሥጋ ሥጋ የሚለው ጣዕም የግሉታሜት ነው፤ ጃፓናዊው ኪኩናኤ ኢኬዳ እ.ኤ.አ. በ1908 ከባሕር አረም አውጥቶ «ኡማሚ» ያለው። የቆየ አይብ ፕሮቲኑ እየተሰባበረ ስለሚሄድ ግሉታሜት ይሞላዋል። እኛ ደግሞ ኑትሪሽናል ይስት ከሚባለው ቢጫ ቅርፊት እናገኘዋለን። እርሾ ነው፤ ግን በሙቀት የሞተ ነው። የዳቦ እርሾ በእሱ ፋንታ እንዳትጨምሩ፤ እኔ አንዴ ሞክሬ መሬት መሬት የሚል ነገር ጠጣሁ። የቫይታሚን ቢ12 ምንጭ ነው የሚባለውም እውነት የሚሆነው ፋብሪካው ሲጨምርበት ብቻ ነውና እሱንም ጀርባው ላይ አንብቡ።

ይህን ሁሉ አሰናድቼ መጀመሪያ የሠራሁትን ለእናቴ አቀመስኋት። በዚያ ዓመት ከአዲስ አበባ መጥታ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ጋ ነበረች፤ ጊዜውም ዐቢይ ጾም ነበር።

«የጾም አይብ ነው» አልኋት።

«አይብ በጾም? የጾም ጥሬ ሥጋስ መቼ ይደርሳል?»

«እማዬ፣ ወተት የለበትም።»

«ወተትስ አይኑርበት። አምሮቱን ይዘህ ምኑን ጾምከው?»

ይህን ክርክር እንዲሁ የምንቀው አይደለም። ጾም ከምግብ ዓይነት መከልከል ብቻ ነው ወይስ ከአምሮትም ጭምር? እናቴ የሁለተኛው ወገን ናት። እኔ ልጁን አሳየኋት፤ እሱ ለምላሱ አይደለም፣ ከሰው ጋር ለመብላት ነው አልኋት። ዝም አለች። ከዚያ የእንጀራ ጫፍ ቆርሳ ነካ አደረገች፣ ቀመሰች፣ ደግማ ቀመሰች።

«ይሄ እኮ ስልጆ ነው» አለች። «ሰናፍጩን ረሳኸው።»

ስልጆ! እኔ ሦስት ሳምንት ሙሉ የስዊስና የጃፓን ታሪክ ሳገላብጥ መልሱ እናቴ ማሰሮ ውስጥ ነበር። ለረሱት ላስታውስ። ሱፉ ተፈጭቶ በውሃ ይጠለላል፤ የሚወርደው ነጭ ውሃ ወተት ይመስላል፣ በሥራውም ወተት ነው፤ ስብ በውሃ ውስጥ የተበተነበት። በዚያ ላይ የባቄላ ዱቄት ገብቶ እስኪወፍር ይበስላል፤ ዱቄቱ ስታርቹንም ፕሮቲኑንም ያመጣል። ሲበርድ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤና አዳምና ሌላውም ይጨመርና ተከድኖ ለጥቂት ቀን ይቦካል፤ ኮምጣጣነቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ስብ፣ ማወፈሪያ፣ ኮምጣጣነት፣ የሚነዝር ጣዕም። ከእኔ ብሌንደር የጎደለው ነገር ምንድን ነው? ሰናፍጩ ለምን ከበረደ በኋላ እንደሚገባም ጠየቅኋት። «እሳት ካየ ይሞታል» አለችኝ። የሰናፍጭን መንዘር የሚያወጣው ሚሮሲኔዝ የተባለ ኢንዛይም ነው፤ ውሃ ሲነካው ይሠራል፣ ሙቀት ያጠፋዋል። እኔ በእንግሊዝኛ የተማርኩትን እሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው።

እንግዲህ አሁን ቤታችን የሚሠራው እንዲህ ነው። አንድ ኩባያ ጨው የሌለው ጥሬ ካሹ (140 ግራም ያህል)፣ አንድ መካከለኛ የተላጠና የተቆራረጠ ድንች (200 ግራም)፣ አንድ ትንሽ ካሮት አንድ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ይቀቀላሉ። ካሮቱ ለቀለም ነው። ካሹውን ሌሊቱን መዘፍዘፍ ያስፈልጋል ይላሉ፤ አብሮ ከተቀቀለ አያስፈልግም። ውሃውን እንዳትደፉት፤ ከእሱ አንድ ኩባያ፣ አራት የሾርባ ማንኪያ ኑትሪሽናል ይስት፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ ጨምራችሁ በብሌንደር ፍጩት። ትኩስ ነገር በተዘጋ ብሌንደር እንፋሎቱ ክዳኑን ያስፈነጥረዋልና ትንሽ አብርዱት፣ ክዳኑንም በጨርቅ ያዙት። ሦስት ደቂቃ ይፈጭ፤ አብዛኛው ሰው በአንድ ደቂቃ ያቆምና አሸዋ አሸዋ አለኝ ብሎ ያማርራል። ከዚያ በዝቅተኛ እሳት እያማሰላችሁ እስኪወፍር ታሞቁታላችሁ። በጎን አንድ የሻይ ማንኪያ የሰናፍጭ ዱቄት በሁለት ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡና አሥር ደቂቃ አስቀምጡት፤ ድስቱ ወርዶ ለብ ሲል ይግባ። ሚጥሚጣ የፈለገ ይጨምር፤ እኔ ከልጁ ሳህን ውጭ እጨምራለሁ። ፍሪጅ ውስጥ አራት ቀን ይቆያል፤ ሲጠጥር ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጎ ማሞቅ ነው።

ካሹም ለብዙ ልጅ አለርጂ ነውና ሰው ከመጋበዛችሁ በፊት ጠይቁ። በካሹ ፋንታ የተላጠ የሱፍ አበባ ፍሬ በዚያው ልክ ይሆናል፤ ቀለሙ ትንሽ ግራጫ ይላል፣ ወደ ስልጆም ይበልጥ ይቀርባል። ለቺፕስ ደግሞ የከረመ እንጀራ በመቀስ ቆራርጣችሁ በ350 ፋራናይት (180 ሴልሺየስ) ምድጃ አሥር ደቂቃ ያህል አድርቁ። ከበቆሎው ይበልጣል፤ ይህ የአባት አድልዎ አይደለም።

ስሙን በተመለከተ እኔ አልከራከርም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ከተክል የተሠራ ነገር «ወተት» ወይም «አይብ» ተብሎ እንዳይሸጥ ወስኗል። እናቴ ውሳኔውን ሳትሰማ ነው የተስማማችው፤ አይብ ላም ይፈልጋል ትላለች። እሷ ስልጆ ትለዋለች፣ ልጄ ቺዝ ይለዋል፣ እኔ ሁለቱንም እሰማለሁ።

በዚያው ዓመት ፋሲካ እናቴ ማጥቀሻውን በትልቁ ሠራችና መሶቡ መሐል፣ አይቡ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ አኖረችው። ልጄም ከመሶቡ ሳይነሳ ቀረ። እንግዶቹ ዶሮውን እያነሱ ሲበሉ እሱ በእንጀራ ጠቅልሎ እጁን ወደ አያቱ ዘረጋ፤ አጎረሳት። ቀጥሎ አፉን ሳይሸፍን ከእሷ እጅ ጎረሰ። አንድ ወዳጄ ደስ ብሎት «እስቲ ለእኔም» ብሎ ዶሮ ወጥ ያወጣበትን ማንኪያ ወደ ሳህኑ ሲሰድ እናቴ እጁን መታችው።

«አንሣ ያንን! ቅቤ ነክቷል!»